በሞምባሳ ከተማ ስለሚታየው የወጣቶች ወንጀልና ስለ ፖሊስ ጥበቃ



የሰፈር ጸጥታ የፖሊስ እንጂ የአስተማሪ ሥራ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በሞምባሳ ግን ነገሩ ከትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ገብቷል፤ ምሽት ላይ ገጀራ ይዘው በየሱቁ ከሚዘርፉት መካከል ብዙዎቹ ገና በትምህርት ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ናቸውና። ስለዚህ የዚህች የወደብ ከተማ ጉዳይ በመምህራን ጉባኤ ፊት ቢነገር አግባብ አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞምባሳ በኬንያ ባሕር ዳርቻ ያለች ደሴት ናት። በሰሜን የንያሊ ድልድይ፣ በምዕራብ የማኩፓ መንገድ ከየብሱ ጋር ያገናኛታል፤ ወደ ደቡብ ወደ ሊኮኒ የሚሻገረው ሕዝብ አብዛኛው በመሻገሪያ ጀልባ ይመላለሳል። ፖርቱጋሎች በ1593 መገንባት የጀመሩት ፎርት ጂሰስ የተባለው ምሽግ በአሮጌው ከተማ ጫፍ ባሕሩን ተደግፎ ይታያል። እንግሊዞች ይህን ምሽግ በ1895 ወኅኒ ቤት አደረጉት፤ እስከ 1958 ድረስም እስረኛ ይኖርበት ነበር። ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ጎብኚ ይገባበታል። ሆኖም የከተማዪቱ ስመ ጥሩ ሕንፃ ከስልሳ ዓመት በላይ ማሰሪያ ሆኖ መኖሩ፣ ሕዝቡ ከሕግ አስከባሪው ጋር ስላለው የቆየ ትውውቅ ጥቂት ሳያመለክት አይቀርም።

ጎብኚው የሚያየው ከተማና ነዋሪው የሚያድርበት ከተማ አንድ አይደሉም። ሆቴሎች በተደረደሩበት ዳርቻ ለቱሪስቶች ጥበቃ የተመደበ ፖሊስ ይዘዋወራል። ከሆቴሎቹ ጀርባ፣ በኪሳውኒና በሊኮኒ ሰፈሮች ውስጥ ግን «ዋካሊ ክዋንዛ»፣ «ዋካሊ ዋኦ» እየተባሉ የሚጠሩ የወጣት ቡድኖች ተነሥተዋል፤ ዋካሊ በስዋሂሊ ቋንቋ ኃይለኞች፣ ጨካኞች እንደ ማለት ነው። አሥርም አሥራ አምስትም ሆነው ድንገት ይወጣሉ፤ ስልክና ገንዘብ ይቀማሉ፤ ያገኙትን መንገደኛ በገጀራ ያቆስላሉ፤ ወዲያውም በየጓሮው ይበተናሉ። የኬንያ መንግሥት በዲሴምበር 2016 በመላው አገሪቱ 90 የወንበዴ ቡድኖችን በስም እየጠራ ከለከለ። ስም መከልከል ግን ቀላል ነው፤ ልጆች በማግሥቱ ሌላ ስም ያወጣሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ዘራፊዎቹ ስውር አለመሆናቸው ነው። የሚዘርፉት የጎረቤት ሱቅ ነው። ባለሱቁ ከመካከላቸው አንዱን ከነእናቱ ያውቀዋል፤ ትናንት ዳቦ በዱቤ የሰጠው ልጅ ነው። ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቅ ግን አየሁ የሚል አይገኝም። የዚህን ዝምታ ምክንያት ሳይመረምሩ ነዋሪውን ፈሪ ወይም ተባባሪ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በኦገስት 13 ቀን 1997 ሌሊት የታጠቁ ሰዎች የሊኮኒን ፖሊስ ጣቢያ ወጉ። ስድስት ፖሊሶች ገደሉ፤ ከ40 የሚበልጥ ጠመንጃ ወሰዱ፤ ጣቢያውንም አቃጠሉ። በተከታዮቹ ሳምንቶች ከኬንያ መካከለኛና ምዕራብ ክፍል መጥተው የሠፈሩ ሰዎች ቤታቸው እየነደደ፣ ሱቃቸው እየፈረሰ በብዙ ሺህ ተሰደዱ። ምርጫ የተቃረበበት ወራት ነበርና በብጥብጡ ውስጥ የፖለቲካ እጅ እንደነበረበት ብዙ ተጽፏል። ለዚህ ንግግር የሚጠቅመው ግን ሌላው ነጥብ ነው፤ ከጥቃቱ አስቀድሞ ጭምጭምታው ለሹማምንቱ ደርሶ እንደነበር በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ገልጠዋል። እንግዲህ የነገረ ሰው ነበር ማለት ነው። ተነግሮ ያልተሰማ ሕዝብ ሁለተኛ ለመናገር አይቸኩልም።

ከዚያም ወዲህ የሆነው ነገር ቁስሉን አላደረቀውም። በፌብሩዋሪ 2 ቀን 2014 ፖሊስ ወጣቶችን ለአመፅ ይመለምሉበታል በማለት ማጀንጎ በተባለው ሰፈር የሚገኘውን የሙሳ መስጊድ ገብቶ ከመቶ በላይ ሰዎች ያዘ፤ ከተያዙትም መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ነበሩ። ሃኪ አፍሪካ የተባለው የሞምባሳ የሰብዓዊ መብት ድርጅት በ2016 መጨረሻ ባወጣው ዘገባ፣ ከ2012 ወዲህ በባሕር ዳርቻው ያለ ፍርድ ተገደሉ ወይም ተሰወሩ ያላቸውን የ81 ሰዎች ጉዳይ ዘርዝሯል። የሽብር አደጋው እውነተኛ እንደነበር አይካድም። ነገር ግን ልጅዋ በሌሊት ተወስዶ ያልተመለሰላት እናት ባለችበት መንደር፣ ሌላዋ እናት የራስዋን ልጅ ስም ለፖሊስ እንድትሰጥ መጠበቅ ከሰው ባሕርይ በላይ መጠየቅ ነው።

የአደንዛዥ ዕፁም ነገር አለ። ከእስያ በጀልባ የሚመጣው ሄሮይን በዚህ ባሕር ያልፋል። በኤፕሪል 2014 ዳርዊን የተባለችው የአውስትራሊያ የጦር መርከብ ከሞምባሳ በስተምሥራቅ በአንድ ጀልባ ላይ ብቻ 1,032 ኪሎ ግራም ሄሮይን ያዘች። ከሚያልፈው ጥቂቱ በከተማዪቱ ይቀራል፤ ነዋሪው በስዋሂሊ «ኡንጋ» ማለትም ዱቄት ይለዋል። ዱቄቱን የለመደ ልጅ ለዕለቱ መጠን የሚሆን ገንዘብ ሲያጣ የሚቀማው የጎረቤቱን ስልክ ነው። ፖሊስም የሚይዘው እርሱን ነው። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ግን በሞምባሳ ፍርድ ቤት ጉዳያቸው ሲጓተት ቆይቶ፣ ከእነርሱ ሁለቱ ወንድማማቾች በ2017 ወደ አሜሪካ ተወስደው በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አመኑ፤ ለኬንያ ባለሥልጣኖች ጉቦ መስጠታቸውም አብሮ ተገለጠ። ይህን በራዲዮ የሰማ ባለሱቅ ምን ብሎ ያስባል? የነገረውን ነገር ማን ለማን እንደሚያደርሰው እንዴት ያውቃል?

ሥራ ማጣትም የራሱ ድርሻ አለው። የወደቡ ኮንቴይነር ሁሉ በባቡር ወደ ናይሮቢ እንዲሄድ በ2019 በታዘዘ ጊዜ በጭነት መኪናና በመጋዘን የሚተዳደረው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ተቃውሟል፤ ትእዛዙም በ2022 ተሻረ። ለሰፈር ወንጀል ሥራ ማጣትን ብቻ ምክንያት ማድረግ ግን አይበቃም፤ በዚያው ችግር ውስጥ አድገው ገጀራ ያልያዙት ይበልጣሉ።

መንግሥት ዝምታውን ለመስበር የሞከረበት መንገድ «ንዩምባ ኩሚ» ይባላል፤ አሥር ቤት ማለት ነው። አሥር አሥር ቤት ተሰባስቦ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያውቅና አጠራጣሪውን ነገር ለሰፈር አለቃና ለፖሊስ እንዲያመለክት የታሰበ ሥርዓት ሲሆን፣ በናይሮቢ በዌስትጌት የገበያ ሕንፃ ላይ አደጋ ከደረሰ በኋላ በ2013 በመላው ኬንያ ታወጀ። አሳቡ የመጣው ከታንዛኒያ ነው፤ በዚያ ግን አሥሩን ቤት የሚመራው የፓርቲው ሰው ነበር። የኢትዮጵያ መምህራን እዚህ ላይ የአባቶቻቸውን አውጫጭኝ ማስታወሳቸው አይቀርም። በአውጫጭኝ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ያየውን እንዲናገር ይገደድ ነበር፤ ስሙ እንዲገለጥ የማይወድም «ወፍ ነገረኝ» በሚል ሽፋን ምስክርነቱ ይደርስለት ነበር። አባቶች ለተናጋሪው መሸሸጊያ አስቀድመው አዘጋጅተዋል። በንዩምባ ኩሚ የጎደለው ይኸው ነው። ለሰፈር ኮሚቴ የተነገረ ስም ከመሸ በኋላ ከራሱ ከተከሳሹ ልጅ ጆሮ ከደረሰ፣ በነጋታው የሚቆስለው ተናጋሪው ነው።

ለፖሊሱም ቢሆን በደል ሳይሆን ፍርድ ይገባዋል። ብዙው ፖሊስ ከሌላ አውራጃ የመጣ ነው፤ የዳርቻውን ስዋሂሊና የሰፈሩን ዝምድና ሳይለምድ ወደ ሌላ ጣቢያ ይዛወራል። በ2018 በወጣው መመሪያ ፖሊሶች የቤት አበል እየተሰጣቸው ከሕዝብ መካከል ተከራይተው እንዲኖሩ ተፈቀደ። ከዚህ ወዲህ ፖሊሱ ራሱ ጎረቤት ሆኗል፤ ልጆቹም ከሰፈሩ ልጆች ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ምናልባት ከብዙ አዋጅ ይልቅ ይህ ይጠቅም ይሆናል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንመለስ። የአንድ ተማሪ መንገድ መጥመም አስቀድሞ የሚታየው በመዝገብ ላይ ነው። በመጀመሪያ ዓርብ ይቀራል፤ ቀጥሎ ዓርብና ሰኞ፤ ቀጥሎም ደብተር ሳይዝ፣ ውድ ስልክ ይዞ ይመጣል። አስተማሪው ያያል። ቢናገር ልጁ በጥይት ሊመታ ይችላል፤ ዝም ቢል የልጁ ገጀራ በአንድ ምሽት ሌላ ተማሪ ላይ ያርፋል። በኪሳውኒ ያለ አስተማሪ ይህን የመሰለ ምርጫ ከፊቱ ተቀምጦበት ነው የሚያስተምረው፤ በየትኛውም የመምህራን ማሠልጠኛ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ምዕራፍ በቀላሉ አይገኝም።

ሁለት ነገሮች መንገዱን ጥቂት ከፍተዋል። አንደኛው፣ ኬንያ በ2022 ያወጣችው የሕፃናት ሕግ ነው። ሕጉ ልጅ በወንጀል የሚጠየቅበትን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ8 ወደ 12 ዓመት ከፍ አደረገ፤ ጥፋት የሠራም ልጅ ወደ ክስ ሳይሄድ በምክር፣ በካሳና በክትትል የሚታረምበትን ሥርዓት በዝርዝር ደነገገ። ሁለተኛው ሐኪም ቤት ነው። በ2015 በባሕር ዳርቻው መጀመሪያ በማሊንዲ፣ ቀጥሎም በሞምባሳ ለሄሮይን ሱሰኞች ሜታዶን የተባለው መድኃኒት ይሰጥ ጀመር፤ በየቀኑ መድኃኒቱን ሊወስድ የሚመጣ ሰው ለዚያ ቀን የጎረቤት ስልክ አያስፈልገውም።

እንዲሁም ከ2018 ወዲህ፣ አንደኛ ደረጃን የጨረሰ ተማሪ ሁሉ ወደ ሁለተኛ ደረጃ እንዲገባ በታዘዘ ጊዜ፣ የሰፈር አለቆች የቀሩትን ልጆች ዝርዝር ይዘው ቤት ለቤት ዞረዋል። ክፍሉ ተጨናነቀ፤ ወንበርም አልበቃም፤ ይህ እውነተኛ ቅሬታ ነው። ሆኖም የመንግሥት ሰው ደጃፍ አንኳኩቶ «ልጅሽ የት አለ?» ሲል ለማሰር ሳይሆን ለማስተማር የመጣበት ጊዜ ነበር፤ እናቶችም በሩን ከፍተዋል። የቀሪ ተማሪዎች መዝገብ በየሳምንቱ ከርእሰ መምህሩ ወጥቶ ለልጆች ጉዳይ ሹምና ለሐኪም ቤቱ እንዲደርስ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ግን እንዳይሄድ በጽሑፍ ቢወሰን፣ ውሳኔውም በወላጆች ስብሰባ ላይ በስዋሂሊ ቢነበብ፣ አስተማሪው ያየውን ለመናገር የሚችልበት አንድ በር ይኖረዋል።