ቤንዚን ስለ በዛበት ሞተር

የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን ያሰሙት ንግግር



ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው ስለ ትምህርት ቤታችን አሮጌ መኪና ነው። ታመን ሐኪም ቤት ያልሄድንባት ጥቂቶች ነን። ባለፈው ዓመት ግን ለሳምንት ይበቃት የነበረው ቤንዚን በአራተኛው ቀን ማለቅ ጀመረ። ወዲያው ሐሜት ተነሣ፤ «ሾፌሩ ቤንዚኑን እየቀዳ ይሸጣል» ተባለ። እኚህ ሰው እኛ ሳንወለድ ጀምሮ መሪ የጨበጡ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሰምተው ዝም አሉ፤ ዝምታቸውም ከሐሜቱ ይልቅ አሳዘነን። ስለዚህ ፈቃድ ጠይቀን፣ ከፊዚክስ መምህራችን ጋር ሆነን፣ ሞተሩን ራሱን ልንመረምር ተነሣን።

አስቀድመን የተመለከትነው ጭሱን ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን፣ ጥቍር ጭስ ግን ቤንዚን መብዛቱን ያመለክታል። የእኛዋ ጭስ እንደ ከሰል ጥቍር ነበረ። ቀጥለን ካንዴላዎቹን ፈታን። ደኅና የሚሠራ ካንዴላ ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫ ይሆናል፤ እነዚህ ግን አራቱም በደረቅ ጥላሸት ተሸፍነው እጃችንን አጠቈሩት። አንዱ ብቻ ቢጠቍር ኖሮ ጥፋቱን ከዚያው ሲሊንደር በፈለግን ነበር፤ የአራቱም መጥቈር ግን ለሁሉም የሚያከፋፍለውን ካርቡራተር አስጠረጠረን።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ፍቀዱልን። 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ይህም በባሕር ወለል ከፍታ ለ1 ሊትር ቤንዚን 9,000 ሊትር ያህል አየር ማለት ነው። አዲስ አበባችን ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ለዚያው 1 ሊትር ከ11,000 ሊትር በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ በቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ሲወጣ፣ ምንም ሳይበላሽ፣ ቤንዚን ያበዛል። የዛሬዎቹ መኪናዎች በጭስ ማውጫው ላይ ኦክሲጅን የሚለካ መሣሪያ ስላላቸው ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የእኛዋ አሮጊት ይህን አታውቅም። ነገር ግን በዚሁ ከተማ ብዙ ዓመት ኖራለችና ከፍታው ብቻውን አዲሱን ጥፋት አያስረዳም።

እኛም ብልኆች መስሎን «የአየር ፊልትሮው ነው» አልን። አራግፈን መለስነው፤ ጭሱ ግን ያው ነበረ። ሞተሩንም የጋራዡን በር ዘግተን አስነሥተን ኖሮ ራሳችንን ያመን ጀመር። ሾፌሩ ሮጠው በሩን ከፈቱና «ልጆቼ፣ ልትሞቱ ነው?» ብለው ተቈጡን። እውነታቸውን ነው፤ ቤንዚን የበዛበት ሞተር አብዝቶ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፣ ሰው ግን ይገድላል።

መኪናዪቱን ወደ ሜዳ አውጥተን ሞተሩን ካሞቅነው በኋላ፣ ከካርቡራተሩ በታች አየር ከሚስብበት ላይ አንዲት ቀጭን ጎማ ነቅለን ትርፍ አየር አስገባንበት። ሲንገዳገድ የነበረው ሞተር ወዲያው ተስተካክሎ ዞረ። የጐደለው አየር መሆኑን ያን ጊዜ አረጋገጥን። የካርቡራተሩን አፍ ብናይ፣ ሞተሩ ሲሞቅ መከፈት የሚገባው የቾክ ክዳን ግማሹ ተዘግቶ ቀርቷል። ሽቦው በሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ነበርና ሾፌሩ እጀታውን ሲመልሱ ሽቦው ይጣመማል እንጂ ክዳኑ አይከፈትም።

ሽቦው ተለወጠ። ዘይቱም ተለወጠ፤ ሳይቃጠል የተረፈ ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ያቀጥነዋልና። በሚቀጥለው ሳምንት ቤንዚኑ እስከ እሑድ ደረሰ።

አራቱን ጥቍር ካንዴላዎች ግን አልጣልናቸውም። በወረቀት ጠቅልለን የቤንዚኑን መዝገብ በሚይዙት ሰው ጠረጴዛ ላይ አኖርናቸው። ሾፌሩ ይህን ሲሰሙ ሣቁና «መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ» አሉን።