በሬው ከጭድ ወደ እህል ሲሻገር

ለፋሲካ ገበያ የሚደልብ በሬ ከገጠር ተገዝቶ ሲመጣ ሆዱ የለመደው ጭድና ግጦሽ ነው። አንዳንድ አድላቢ ግን በመጀመሪያው ቀን የተፈጨ በቆሎና ፉርሽካ ገንዳ ሙሉ ይዘረግፍለታል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። መኖውን አስቀድመው የሚያብላሉት በትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው፤ ለጭድ የሚበረቱት ሌሎች፣ ለእህል ስታርች የሚበረቱት ሌሎች። እህሉ በድንገት ሲበዛ ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩት ይፈላሉ፤ አሲዱን የሚጠቀሙት ግን ቶሎ አይባዙም። የጨጓራው ፒኤች (ሲወርድ አሲድ መብዛቱን የሚያሳየው ልኬት) ከ5.5 በታች ወርዶ ሲቆይ በሬው ማመስኳቱን ይቀንሳል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሰኮናውን ያመዋል፤ ሲከፋም ይሞታል።

«ራሱ እየተስገበገበ በላው እኮ» የሚል ይኖራል። እህል ለምላሱ ይጣፍጠዋል፤ ጨጓራው መቻል አለመቻሉን ግን ምላሱ አያውቅም። ከዚህ የሚከብደው ሙግት የጊዜ ነው፤ ማድለቢያው 90 ቀን ገደማ ከሆነ፣ 2 ወይም 3 ሳምንት ለማለማመድ ማዋል ብክነት ይመስላል። ነገር ግን በእነዚህ ቀናት በሬው ጦሙን አያድርም፤ ድርቆሹ ሳይቋረጥ እህሉ በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨመርለታል፣ ሥጋም መያዝ ይጀምራል። በአሲድ የታመመ በሬ ግን ለቀናት መኖ እምቢ ይላል፤ የጨጓራው ግድግዳ ከቆሰለ ደግሞ ጉዳቱ ጉበቱ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። እንግዲህ እህሉን ጧትና ማታ ከፍላችሁ፣ ድርቆሹን አስቀድማችሁ ስጡት፤ ውሃም አይጉደልበት። እበቱ ከቀጠነ ጭማሪውን አቁሙ፣ ማመስኳቱ እስኪመለስም ድርቆሹን አብዙለት።