የተሰበረ ስፖኪዮ ሲተካ ምን ይተካል?



የዛሬውን ርእስ ሳስመዘግብ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። ለሕዝብ ገለጻ የሚመጥነው ተርባይን ወይም ሮቦት እንጂ የመኪና ስፖኪዮ አይደለም የሚል ግምት ስላለ ነው። እኔ ግን በየዕለቱ የሚሰበርና በየዕለቱ የሚጠገን ዕቃ ለምሕንድስና ተማሪ ከተርባይን ያላነሰ ይናገራል ባይ ነኝ። ይልቁንም ጥገናው የተሳካ መስሎ ሳለ ዕቃው የተሠራበት ተግባር ሲጠፋ ብዙ ይናገራል።

ጉዳዩ ለሁላችንም ቅርብ ነው። በአዲስ አበባ ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ታክኮ ያልፋል፤ ወይም ሌሊት አንድ እጅ መስታወቱን ፈልቅቆ ይወስዳል። ባለመኪናው ሦስት መንገድ አለው፤ ሙሉውን ስፖኪዮ አዲስ መግዛት፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ መፈለግ፣ ወይም መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄዶ በልኩ አስቆርጦ በሲሊኮን ማስለጠፍ። ሦስተኛው ርካሽና ፈጣን በመሆኑ ብዙ ደንበኛ አለው። የንግግሬም ክብደት የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው።

አስቀድሜ ግን ኤሌክትሪኩን ላንሣ፤ ያለአግባብ ብዙ ገንዘብ የሚወጣው በዚያ ነውና። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ስፖኪዮ በሆዱ ሁለት ትናንሽ ሞተሮች ይዟል፤ አንዱ መስታወቱን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ለሁለቱ ሦስት ሽቦ ይበቃል፤ አንዱ የጋራ ነው፣ የአቅጣጫ ለውጡም የሚመጣው ማብሪያው ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ሲያገላብጥ ነው። ሶኬቱ ከዚያ የበዛ እግር ካለው በአብዛኛው ሁለቱ ለመስታወት ማሞቂያ፣ ሌሎቹ ለማጠፊያው ሞተርና ለፍሬቻ መብራት ናቸው። ስለዚህ የሶኬቱን እግር ሳይቆጥሩ ያገለገለ ስፖኪዮ መግዛት የቁልፍ ቀዳዳውን ሳያዩ ቁልፍ እንደ መግዛት ነው። ማሞቂያው ቢቀር ለአዲስ አበባ ነዋሪ ብዙም አይጎዳም፤ ጣርማ በርን በጉም ለሚያቋርጥ ሹፌር ግን ቅንጦት አይደለም።

ስፖኪዮው አልታዘዝ ሲል «ሙሉው ይቀየር» የሚለው ፍርድ ይቸኩላል። የሌላው በር ስፖኪዮ የሚሠራ ከሆነ ፊውዙ በአብዛኛው ደህና ነው። ማብሪያው ተጭኖ ሳለ ሶኬቱ ላይ በቴስተር ቢለካ 12 ቮልት ገደማ መድረስ አለበት። ኃይል ደርሶ ሞተሩ ዝም ካለ ጥፋቱ የሞተሩ ነው፤ ሞተሩ እየጮኸ መስታወቱ የማይነቃነቅ ከሆነ የፕላስቲክ ጥርሶቹ ተበልተዋል። ኃይል ጨርሶ ካልደረሰ ደግሞ በሩና የመኪናው አካል በሚገናኙበት ጎማ ውስጥ ያለፈውን ሽቦ ማየት ይገባል፤ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሲታጠፍ የኖረ ሽቦ እዚያ ይበጠሳል።

አፈታቱ ላይ አልቆይም፤ ወርክሾፕ ውስጥ ታዩታላችሁ። የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፣ የበሩ የውስጥ ልባስ ይወርዳል፣ ሶኬቱ ይነቀላል፣ በአብዛኛው ሦስት የሆኑት ዳዶዎች ይላላሉ። የመጨረሻው ዳዶ ሲወጣ ስፖኪዮው በሌላ እጅ ተይዞ መሆን አለበት። በበሩ ሆድ አፍ ላይ ጨርቅ መወተፍም ብልህነት ነው፤ እዚያ የወደቀ ዳዶ ግማሽ ቀን ይበላል። ከልባሱ በስተጀርባ ያለው ላስቲክ ተቀዶ እንዳይቀር አደራ፤ ብዙዎች ትርፍ ነገር ይመስላቸዋል፣ የክረምቱን ዝናብ ከመኪናው ውስጥ የሚያስቀረው ግን እሱ ነው።

ወደ መስታወቱ ልመለስ። ለቀኝ በር የሚሠራው መስታወት ኮንቬክስ ነው፤ ማለትም ወደ ውጭ በጥቂቱ የጎበጠ። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 46 ለተሳፋሪ መኪና ዋና የውጭ ስፖኪዮ የጉብጠቱ ራዲየስ ከ1200 ሚሊሜትር እንዳያንስ ያዛል። በቤት መስታወት የተተካው ግን ጠፍጣፋ ነው። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የመስታወቱ ስፋት 17 ሴንቲሜትር ይሁን፤ የሹፌሩ ዓይን ከቀኙ ስፖኪዮ ወደ ጎን 1.25 ሜትር፣ ወደ ኋላ 0.6 ሜትር ይራቅ። በአንድ ዓይን ብናሰላው ጠፍጣፋው 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ያሳያል። ራዲየሱ 1200 የሆነው ወደ 22 ዲግሪ ይደርሳል። ከስፖኪዮው 10 ሜትር ወደ ኋላ ስንሄድ ጠፍጣፋው የሚያሳየው 1.2 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጭረት ነው፤ ከእሱም ላይ የራሱ የመኪናው ጎን ድርሻውን ይወስዳል። ጎባጣው 4 ሜትር ያህል ያሳያል። በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ፣ በቀኝ በኩል ሾልኮ የሚመጣው ባጃጅ፣ ብስክሌተኛው፣ ከታክሲ ወርዶ ወደ ጠርዝ የሚሻገረው ሰው የሚገኙበት ቦታ ነው።

አሳሳቢው ነገር ሹፌሩ ጉድለቱን እንደ ብልጫ ማየቱ ነው። «አሁን ጥርት አድርጎ ያሳየኛል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። በዚያው ስሌት 10 ሜትር ላይ ያለ መኪና በጎባጣው ሲታይ በጠፍጣፋው ከሚታየው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ይተልቃል። ትንሽ ምስል ደግሞ የራቀ ይመስላል። በአሜሪካ ደንብ የቀኙ ጎባጣ መስታወት ላይ፣ የሚታየው ነገር ከሚመስለው ይልቅ ቅርብ እንደሆነ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ መኖሩ ስለዚህ ነው። ጎባጣው ርቀትን ያሳስታል፣ ጠፍጣፋው ሰውን ይደብቃል። ምርጫው የእኔ ቢሆን ያለማመንታት የመጀመሪያውን ጉድለት እመርጣለሁ፤ ርቀት መገመት በልምድ ይታረማልና፣ ያልታየን ሰው ግን ልምድ አያሳየንም።

ያገለገለ ሲገዛም ምንጩ ይለያያል። የአሜሪካ ደንብ የግራው መስታወት ጠፍጣፋ እንዲሆን ያስገድዳል፤ በአውሮፓ ግን የግራውም ጎባጣ መሆን ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት ኮሮላ የተሠሩ ሁለት የግራ ስፖኪዮዎች ጎን ለጎን ተደርድረው የተለያየ ነገር ሊያሳዩ ይችላሉ። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረላቸው መኪኖች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ባነሣሁት ልኬት ለሹፌሩ ቅርብ የሆነው ስፖኪዮ ወደ 20 ዲግሪ፣ የሩቁ ወደ 32 ዲግሪ ወደ ውስጥ መዞር አለበት። መሪው ሲዛወር ሁለቱ ሚና ይለዋወጣሉ፤ የሞተሩ ጉዞ ግን ውስን ነው፣ አንዳንዴም እስከ ጫፍ ተገፍቶ አይደርስም። ይህን ሳያጤኑ ለዚያው ሞዴል የተሠራ አዲስ ስፖኪዮ ቢገጥሙ ችግሩ በአዲስ ዕቃ ይቀጥላል።

መስታወት ቆራጩን ለመክሰስ አልመጣሁም፤ የተጠየቀውን በጥሩ እጅ ሠርቷል። የተጠየቀው ግን ቅርጹን እንጂ ጉብጠቱን አልነበረም። ወፍራሙ የቤት መስታወት በክብደቱ የፕላስቲክ ጥርሶቹን ማድከሙና በሲሊኮን ሲያዝ ለሌላ ጊዜ ጥገና አለመመቸቱ ተጨማሪ ዕዳ ነው።

ለሻጭም ለገዢም የሚበቃው መመዘኛ የትምህርት ቤት ማስመሪያ ነው። ማስመሪያውን በመስታወቱ ላይ በወርዱ አጋድሙት። ጠፍጣፋ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ይነካል። ራዲየሱ 1200 ከሆነ መካከሉን ብቻ ነክቶ ይወላውላል፤ ሚዛኑን ጠብቃችሁ ስትይዙት በ17 ሴንቲሜትር ስፋት ላይ በሁለቱ ጫፎች 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። ቀመሩን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ያውቁታል፤ የስፋቱ ስኩዌር በራዲየሱ ስምንት እጥፍ ሲካፈል ነው። ሦስት ያገለገሉ መስታወቶችና አንድ ማስመሪያ እዚህ ጠረጴዛው ላይ አሉ፤ ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት ከፊት ረድፍ ያላችሁ መጥታችሁ ለኩ።