የአጎቴ ሬዲዮ ለምን ዝም አለ?

(በማኅበራችን የሐሙስ ምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ ዛሬ ማታ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ "ስለ ምን ልናገር?" ብለው "ስለምታውቀው ነገር ተናገር" አለኝ። እኔ ግን የመረጥሁት አውቃለሁ ብዬ ስላጠፋሁት ጥፋት መናገርን ነው። ነገሩ የአንድ አነስተኛ ሬዲዮ ብልሽት ነው። ቢሆንም ለሁላችንም የሚሆን ትምህርት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ባትቀበሉኝ፥ ቢያንስ ሬዲዮ እንዴት እንደሚመረመር ሰምታችሁ ትሄዳላችሁ።

እንደምታውቁት በዚህ በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል በከባድ መኪና ሹፌርነት የሚተዳደሩ ብዙዎች ናቸው። በዴንቨር ከተማ በቤቱ ተቀብሎ የሚያኖረኝ አጎቴም አንዱ ነው። መንገዱ ብዙውን ጊዜ በዋዮሚንግ ግዛት በሚያልፈው በ80 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከላራሚ እስከ ሮውሊንስ ያለው ክፍል በብርዱ ወራት ነፋሱና በረዶው እየበረታ መንገዱ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። በዚያ ለሚነዳ ሰው ሲቢ የሚባለው ሬዲዮ ጌጥ አይደለም።

ስለዚህ ሬዲዮ ጥቂት ላስረዳ። ሲቢ የሚያዳምጡበትም የሚናገሩበትም መሣሪያ ነው። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ እ.ኤ.አ. በ1958 ለተራው ሕዝብ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ችግር በተነሣ ጊዜ ሹፌሮች ነዳጅ ያለበትን ማደያ እየተጠቋቆሙበት ስሙ ገነነ፤ በ1977ም የመሥመሮቹ ቁጥር ከ23 ወደ 40 ከፍ አለ። ዛሬ የግል ፈቃድ ማውጣት አያስፈልግም፤ በኤ ኤም የሚፈቀደው የማስተላለፊያ ኃይል ግን 4 ዋት ብቻ ነው። 9ኛው መሥመር ለአደጋ ጥሪ የተጠበቀ ሲሆን፥ 19ኛውን ሹፌሮች በልማድ የራሳቸው አድርገውታል።

"ስልክ በየኪሱ ሳለ ይህ ምን ይረባል?" የሚል ይኖር ይሆናል። በስልክ ለመነጋገር አስቀድሞ የሰውየውን ቁጥር ማወቅ ያሻል። በሲቢ ግን ከፊትህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሄድ፥ ስሙን እንኳ የማታውቀው ሰው "መኪና ተጋጭቷል፥ ቀስ በል" ይልሃል። በበረዶ ጭጋግ ውስጥ ይህ ቃል የሰው ነፍስ ያድናል።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ባለፈው ጥር አጎቴ ከመንገድ ሲመለስ ሬዲዮውን ፈቶ ይዞልኝ መጣ። "ሌሎቹን እንደ ሩቅ ሰው እሰማቸዋለሁ፤ እኔን ግን የሚሰማኝ የለም። አንተ ኤሌክትሪክ የምትማር ልጅ አይደለህም? እስቲ እየው" አለኝ። ስለ ሞገድ የተሰጠውን ፈተና በጥሩ ማርክ ያለፍሁ ነኝና ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ። በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፥ ምንም ሳልጠይቅና ምንም ሳልለካ፥ ካቻቢቴ አንሥቼ ከፈትሁት።

በውስጡ ትንንሽ የቆርቆሮ ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ በያንዳንዳቸው ራስ ላይ እንደ ብሎን የተሰነጠቀ ባለቀለም ነገር አለ። "እነዚህ ላልተው ይሆናል" ብዬ ሦስቱን አጠበቅኋቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ስንት ዙር እንዳዞርኋቸው አልጻፍሁም። መልሼ ብሞክረው ቀድሞ በሩቁ ይሰማ የነበረውም ድምፅ ጠፋ። በዚህ ጊዜ እውነቱን መናገር ሲገባኝ፥ ለአጎቴ "ሬዲዮው አርጅቷል፥ አዲስ መግዛት ይሻላል" አልሁት።

አጎቴ ደመወዝ እስኪቀበል ድረስ ሁለት ሳምንት ያለ ሬዲዮ ነዳ። አንድ ሌሊት በኤልክ ማውንቴን አጠገብ በረዶው ዓይኑን ጋርዶት ሲሄድ፥ ከፊቱ የቆሙትን መኪናዎች መብራት ያየው ለጥቂት ነው። ፍሬን ይዞ፥ ተንሸራትቶ፥ ሊነካቸው ጥቂት ሲቀረው ቆመ። እራት ላይ ይህንን ካወራን በኋላ "ሬዲዮ ቢኖረኝ ቀድሞ ይነገረኝ ነበር" አለ። የጎረስሁት እንጀራ አልወርድ አለኝ።

በማግስቱ ሬዲዮውን መኪናው ላይ መልሰን፥ ዱሮ መርካቶ ቴፕና ሬዲዮ ሲጠግኑ ወደ ኖሩ አንድ አዛውንት ያገራችን ሰው ዘንድ ሄድን። አዛውንቱ ካቻቢቴ አላነሡም። መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠየቁ፦ "መቼ ጀመረው? ከዚያ በፊት ምን ተነካ? የጠፋው መስማቱ ነው፥ መናገሩ ነው፥ ወይስ ሁለቱም?" ቀጥለው በሬዲዮውና በአንቴናው ገመድ መካከል ተመላሽ ሞገድ የሚለካውን መሣሪያ አገቡ። አጎቴ የመናገሪያውን ቁልፍ ለአፍታ ሲጫን የመለኪያው መርፌ 3ን አልፎ እስከ መጨረሻው ሄደ። ገመዱን በእጃቸው እየዳበሱ ወረዱና በመኪናው በር ማጠፊያ አጠገብ ሲደርሱ ወዝወዝ አደረጉት። መርፌው ወረደ፥ ተመልሶም ወጣ። ገመዱን ቢሰነጥቁት፥ በሩ በተዘጋ ቁጥር እየተጨፈለቀ ኖሮ ውሃ ገብቶት የተጎነጎነው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል።

አዲስ ገመድ ገባ፤ መርፌውም ወደ 1.3 ወረደ። ንግግሩ ወዲያው ተሰማ። መስማቱ ግን አሁንም ደካማ ነው። አዛውንቱ የሬዲዮውን ብሎኖች በባትሪ መብራት ተመለከቱና "ልጄ፥ ይህንን የከፈተው ማነው?" አሉ። በአጎቴ ፊት ሁሉን ተናገርሁ። አጎቴ "ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህንን እያወቅህ ነው?" አለኝ። "አዎን" አልሁ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አዛውንቱ በሞገድ ማመንጫ መሣሪያ እየለኩ ያጠበቅኋቸውን ሦስቱን ለመመለስ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ሲጨርሱ የተናገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም፦ "የሬዲዮው ሕመም አንድ ነበር፤ ሁለት ያደረግኸው አንተ ነህ።"

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከርሳቸው የተማርሁትን የምርመራ ሥርዓት በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ።

አንደኛ፥ ምልክቱን ጠይቁ። መስማትም መናገርም አብረው ከደከሙ፥ ጥፋቱን ሁለቱ በሚጋሩት ነገር ላይ ፈልጉ። መብራቱ ጭራሽ ካልበራ ኤሌክትሪኩን ጠርጥሩ፤ መብራቱ እየበራ ሁለቱም ከደከሙ አንቴናውን። መስማቱ ደኅና ሆኖ መናገሩ ብቻ ከጠፋ በመጀመሪያ ማይክሮፎኑን እዩ።

ሁለተኛ፥ ቁልፎቹን እዩ። ስኬልች የሚባለው ቁልፍ ከመጠን በላይ ከዞረ ጫጫታውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ዝም ያሰኛል። ድምፅን ወደ ውጭ ማጉያ የሚያዞረው ማብሪያ ሳይታወቅ ተነክቶ እንደሆነም ሬዲዮው የሞተ ይመስላል። የውጭ ስፒከር የሚሰካበት ቀዳዳ ከዛገም የውስጡን ስፒከር ያቋርጠዋል፤ መሰኪያውን ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት አንዳንድ ጊዜ ይበቃል። ይህ ሁሉ ሳንቲም አያስወጣም።

ሦስተኛ፥ ኤሌክትሪኩን ለኩ። ፊውዙ ከተቃጠለ በዚያው ቁጥር ባለው ተኩ፤ ትልቅ ፊውዝ ወይም የሲጋራ ወረቀት ማግባት ሬዲዮውን ለእሳት መስጠት ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ፥ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ተለዋውጦ ተገናኝቶ ይሆናል። በብዙ ሬዲዮዎች ውስጥ ለዚሁ ስሕተት መከላከያ የገባ ዳዮድ አለ፤ ሽቦው ሲገለበጥ እሱ ኤሌክትሪኩን ወደ ራሱ ስቦ ፊውዙን ያቃጥላል፥ ብዙ ጊዜም ራሱ ይበላሻል። ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ያህል፥ ሞተሩ ሲሠራ 14 ገደማ ያሳያል። ልኬቱን የምትወስዱት በሬዲዮው መግቢያ ላይ፥ የመናገሪያው ቁልፍ ተጭኖ ሳለ ይሁን፤ ያን ጊዜ ቮልቱ በብዙ ከወረደ ሽቦው ወይም ማያያዣው ደክሟል።

አራተኛ፥ አንቴናውንና ገመዱን መርምሩ። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ፈትታችሁ በቴስተር ለኩ፦ የመካከሉ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 0 ኦም የቀረበ ማሳየት አለበት፤ በመካከሉና በውጭው መዳብ መካከል ግን ምንም መተላለፍ የለበትም። ቀጥሎ ተመላሹ ሞገድ ይለካ። 1.5 ከሆነ ከሚላከው ኃይል 4 በመቶ ብቻ ይመለሳል፤ 3 ከሆነ 25 በመቶ፥ ማለት ከ4ቱ ዋት አንዱ ይመለሳል። ከዚህ በላይ ሆኖ መናገር የመጨረሻውን ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል። ልኬቱን በ1ኛውና በ40ኛው መሥመር ላይ አነጻጽሩ፦ በ40ኛው የሚበልጥ ከሆነ አንቴናው ረዝሟል፤ በ1ኛው የሚበልጥ ከሆነ አጥሯል። የዚህ ሞገድ ርዝመት 11 ሜትር ያህል፥ ሩቡም 2 ሜትር ከ75 ገደማ ስለሆነ፥ በርዝመቱ ላይ የሚደረግ ጥቂት ለውጥ እንኳ በመለኪያው ላይ ይታያል።

አምስተኛ፥ ማይክሮፎኑን እዩ። የተጠቀለለው ገመድ በውስጡ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ በሁለቱ ጫፎች አጠገብ ነው፤ እያወዛወዛችሁ ስትናገሩ ድምፁ መጣ ሄደ ካለ ምክንያቱ ተገኘ። በብዙ ሬዲዮዎች ማይክሮፎኑ ካልተሰካ ስፒከሩም አይሰማም፤ ይህም ብዙ ሰው ያታልላል።

ስድስተኛ፥ ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተገኘ ብቻ፥ ኤሌክትሪኩን አቋርጣችሁ ሣጥኑን ክፈቱ። አስቀድማችሁ ፎቶግራፍ አንሡ። የተቃጠለ ነገር በዓይንም በአፍንጫም ይታወቃል። በማያያዣዎቹ እግር ዙሪያ ብየዳው እንደ ቀለበት ተሰንጥቆ እንደሆነ በመበየጃ እንደገና አቅልጡት። ያበጠ ወይም ያፈሰሰ ካፓሲተር ካለ፥ በማይክሮፋራድ እኩል፥ በቮልት እኩል ወይም የሚበልጥ ተኩ፤ የፖዘቲቩና የኔጋቲቩ እግር አይለዋወጥ።

እነዚያን ባለቀለም ነገሮች ግን አትንኩ። ላልተው ሊጠብቁ የሚገባቸው ብሎኖች አይደሉም። እያንዳንዱ በጥቅልል ሽቦ ውስጥ ገብቶ ሞገዱን የሚመርጥ ፈራይት ነው፤ ቦታው የተወሰነው በመለኪያ ነው። በብረት ካቻቢቴ ሲነካ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ የማስተላለፊያውም ክፍል ከተነካ ሬዲዮው የሌላውን መሥመር የሚያውክ ይሆናል። ይህ መሣሪያና ችሎታ ላለው ሰው የሚተው ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሁለት ነገር ጠብቁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትንም ጻፉ። የጻፈ ሰው ስሕተቱን ተከትሎ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ያልጻፈ ግን መመለሻ የለውም።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉናል አባቶቻችን። እኔ ተምሬ ነበር። ተመላሽ ሞገድ የሚሰላበትን ቀመር በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል ጽፌዋለሁ። በአጎቴ መኪና በር ሥር የተጨፈለቀው ገመድ ግን ያው ቀመር መሆኑን አላወቅሁትም፤ ምክንያቱም ሹፌሩን መጠየቅ ከተማሪነት ክብሬ በታች መሰለኝ። ካለማወቄ ይልቅ አጎቴን ለአደጋ ያጋለጠው አለማወቄን መደበቄ ነው። ሦስቱን ብሎኖች ባጠበቅሁበት ማታ እውነቱን ብናገር ኖሮ፥ ያ ሁለት ሳምንት ባልነበረ።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በመዋጮ አንድ ቴስተር፥ አንድ የተመላሽ ሞገድ መለኪያ፥ እንዲሁም በአንቴና ፈንታ ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ሙቀት የሚለውጥ አንድ የ50 ኦም መፈተኛ እንግዛ። በወር አንድ ቅዳሜ ሹፌር ወገኖቻችንን ጠርተን፥ ሬዲዮአቸውን ሳንከፍት ገመዳቸውንና አንቴናቸውን እንለካላቸው። ከፍተን የምንሠራው ካለም አዛውንቱ ሊቆጣጠሩን ፈቅደዋል፤ እኔ ጠይቄአቸዋለሁ። የለካነውንም የነካነውንም የምንጽፍበት መዝገብ ከአሁኑ ገዝቻለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ በራሴ ጥፋት ሞልቼዋለሁና፥ ሁለተኛውን የሚሞላ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ።