የክረምት ቫርኒሽ

ዛሬ የማወጋችሁ በሐምሌና በነሐሴ፣ ማሞቂያ በሌለው የአዲስ አበባ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቁም ሳጥንና አልጋ ስለሚቀቡ ባለሙያዎች ነው።

በበጋ ቫርኒሽ መቀባት ብዙ ሰው ይችላል። ባለሙያውን የሚለየው ክረምት ነው። ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ አየሩም እርጥበት ያዘለ ነው። ላከር የተረጨበት እንጨት ሳይደርቅ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነጭ ይለብሳል። በላከሩ ውስጥ ያለው ቲነር ሲተን የእንጨቱን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ በቀዘቀዘው ገጽ ላይ የአየሩ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ቶሎ የሚተን ቲነር የሚጨምር ሰው ችግሩን ያባብሰዋል።

የዘይት ቫርኒሽ ጠባዩ ሌላ ነው። እርሱ የሚጠነክረው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ብርድ ደግሞ ይህን ያዘገየዋል። በበጋ በማግስቱ የሚደርስ ቅብ በክረምት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ጎበዝ ቀቢ ታዲያ ምን ያደርጋል? ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነውና፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ብሩሹን ያነሳል። የቫርኒሹን ጣሳ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሞ ያለዝበዋል፤ እሳት ግን አያስጠጋም። ስስ አድርጎ ይቀባል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ጠርዝ ላይ ይሞክረዋል፤ ዱቄት ከወጣው ደርቋል። ወረቀቱን ከያዘው ግን ትቶት ይሄዳል። እኔ ይህን ሙያ የማከብረው ለዚህች ቅጽበት ነው። ደንበኛው ለእንቁጣጣሽ አድርስልኝ እያለ ሲደውል፣ “ገና አልደረቀም” ማለት እንጀራን ሊያሳጣ ይችላል፤ እርሱ ግን ይለዋል።

ለባለሙያዎቹ አንድ አደራ አለኝ። ቤቱን ለማሞቅ ከሰል አታቀጣጥሉ፤ የቲነር ትነት እሳት ይስባል፣ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝም ይገድላል። በተልባ ዘይት ወይም በዘይት ቫርኒሽ የራሰ ጨርቅም ተጨምድዶ ከተጣለ ራሱ ሙቀት ፈጥሮ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ አለዚያ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

በክረምት ዕቃ ያዘዛችሁ ደግሞ፣ ቀቢያችሁ ጥቂት ቀን ቢጠይቃችሁ ስጡት። ሳይደርቅ ቤታችሁ የገባ ቅብ የተቀመጠበትን ሁሉ ይይዛል፤ ደርቆ የገባው ግን ዓመታት ይቆያል።