ስለ ጥቁር ቅጠሏ ተክልና ስለ ተቀበልነው አደራ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ)



የዛሬው ንግግራችን ስለ መዋጮ አይደለም፤ እሱን በሚቀጥለው ስብሰባ እንመለስበታለን። የዛሬው ስለ ተክሏ ነው።

እንደሚታወቀው አንዲት የዕድሜ ባለጸጋ እናታችን ወደ ውጭ አገር ልጆቻቸው ዘንድ ሲሄዱ ያቺን ጥቁር ቅጠል ያላትን ተክል ለጽሕፈት ቤታችን አደራ ብለው ሰጡን። በየመንገዱ ዳር ከሚሸጡት ችግኞች መካከል እንደሷ ያለ በቀላሉ አይገኝም። ቅጠሏ ጥቁርና እንደ ከፈይ ለስላሳ ሲሆን ጅማቱ ብር ይመስላል። ስሟ አሎካሲያ ነው። ትውልዷ ቦርኒዮ ከሚባለው የእስያ ደሴት ጫካ ሲሆን፣ ከጎደሬ ጋር ዘመዳሞች ናቸው።

ታዲያ ተረክበን ምን አደረግን? አጠጣናት። ጠዋት ሊቀ መንበራችን ያጠጣሉ፣ ቀትር ላይ ገንዘብ ያዡ ያጠጣሉ፣ ማታ እኛ ጸሐፊው እናጠጣለን፣ ሌሊት ደግሞ ዘበኛው አዝኖላት ያጠጣል። አንዱ ሌላውን አልጠየቀም። ኅዳር ላይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፤ ታኅሣሥ ሳይጋመስ አንድም አልቀረላት። እውነቱን ለመናገር አፍረናል።

ኋላ ጠያይቀን እንደተረዳነው የጎዷት ውሃና ብርድ ተባብረው ነው። አገራችን በሞቃቱ የምድር ቀጠና ውስጥ ብትሆንም፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። በበጋ ሌሊት፣ ያ የእንጦጦ ብርድ ሲወርድ፣ ከ10 ዲግሪ በታች የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እሷ ደግሞ ከ15 ዲግሪ በታች አይስማማትም። ሲበርዳት ሥሯ መጠጣት ያቆማል፤ ያልተጠጣው ውሃ አፈሩ ውስጥ ቆሞ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

ልንጥላት ስንል አንዲት አባላችን «ቆይ፣ አፈሩን እንየው» አሉን። ስንገለብጠው ሽምብራ የሚያካክሉ ጠንካራ ኮረቶች ተገኙ። አምስቱን በትንሽ ዕቃ ተክለው፣ ላስቲክ አልብሰው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለበት ሞቃት ክፍል አስቀመጡልን። ሁለቱ በቅለዋል! ስለዚህ ቅጠል ረገፈ ተብሎ ቶሎ አይጣልም፤ ሥሩ ሲነካ ጠንካራ ከሆነ ሕይወት አለው።

እቤታችሁ እንዲህ ያለ ተክል ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። የሰፈራችን መረሬ አፈር ውሃ ስለሚይዝ ብቻውን አይሆንም፤ ብሎኬት የሚሠሩበትን ፑሚስና ጥቂት የከሰል ስብርባሪ ቀላቅሉበት። የቀለም ቆርቆሮም ቢሆን ሥሩ በምስማር ይበሳ። ጣት አስገብታችሁ የላይኛው አፈር ሳይደርቅ አታጠጡ፤ በብርድ ወራት ደግሞ ቀንሱ። ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ በጀሪካን አድሮ ብርዱ ሲለቀው ይሻላል። በትውልድ አገሯ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለምትኖር መስኮት አጠገብ ትሁን እንጂ ፀሐይ በቀጥታ አይምታት። ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጧት፤ ዱካ ይበቃታል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። አንዳንድ ሰው ቅጠል እንዲያበራ ብሎ ዘይት ይቀባል፤ ለከፈይ ቅጠል ይህ ፈጽሞ አይሆንም።

ልጆች ያሏችሁ ደግሞ በጥብቅ ስሙን። ጥሬ ጎደሬ ጉሮሮ እንደሚበላ ሁሉ ይህችም እንደዚያው ናት። ውስጧ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል መርፌ መሰል ነገር ስላለ አፍና ምላስ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። ሕፃን ከቀመሳት አፉን ጠርጋችሁ ውሃ ወይም ወተት ስጡት፤ ካበጠ ወይም መተንፈስ ከከበደው ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ለድመትና ለውሻም አትሆንም።

እናታችን ለፋሲካ ይመለሳሉ ተብሏል። የሆነውን ሳንደብቅ እንነግራቸዋለን፤ ሁለቱንም ችግኝ እናስረክባቸዋለን። እስከዚያው ውሃ የሚያጠጡት እኚያው ችግኞቹን ያበቀሉልን አባላችን ብቻ እንዲሆኑ ኮሚቴው ወስኗል። የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛም ተነግሮታል።