የታጠበ ልብስ ስለ ምን ይሻክራል?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ሕዋና ስለ ኮምፒዩተር በሰፊው አስረድተውናል። እኔ ግን የምናገረው ስለ ፎጣና ስለ ጋቢ ስለ ሆነ የሚስቅብኝ ቢኖር አልቀየምም፤ የቤታችን እንጀራ የሚገኘው ከዚሁ ነውና። ደግሞስ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመልክተው፣ ከማጠቢያው በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባያገኙ ኖሮ፣ እንዶድ የብልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል ማን ያስተውል ነበር? የልብስ ማጠቢያ ቦታ ለተመራማሪ የሚናቅ አይደለም።

እናቴ በድሬዳዋ የሰው ልብስ እያጠበች እኔንና ሁለት እኅቶቼን ታሳድገናለች። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዋ ስድስት ፎጣና ሁለት ጋቢ፣ «ነጭነቱስ ነጭ ነው፤ ነገር ግን ገላ ይፍቃል» ብለው መለሱባት፤ የድካሟንም ዋጋ ሳይከፍሉ ቀሩ። እርሷም ሳሙና አሳንሼ ይሆናል በማለት በማግሥቱ ሳሙና ጨምራ ደግማ አጠበች። ፎጣው ከፊተኛው ይልቅ ባሰበት፤ በገመዱ ላይ እንደ ቆርቆሮ ቀጥ ብሎ ደረቀ። ማታ እጆቿን እያገላበጠች ስታያቸው ጥፋቱ የእነርሱ እንደ መሰላት ገባኝ። ይህ ነገር እንቅልፍ ስለ ነሣኝ ወደ ኬሚስትሪ መምህራችን ሄጄ ጠየቅኋቸው።

ለካስ ጥፋቱ የውሃው ኖሯል! የከተማችን የጉድጓድ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ የሚመጣ ስለ ሆነ ካልሲየምና ማግኒዚየም አሟሙቶ ይይዛል፤ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክሩ ነው። ሳሙና ከእንዲህ ያለው ውሃ ጋር ሲገናኝ ከፊሉ አረፋ መሆኑን ትቶ በውሃ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል። በሳፋው ዳር እንደ ቀለበት ተጣብቆ የሚታየው ግራጫ ነገር እርሱ ነው። ይኸው ዝቃጭ በድሩና በማጉ መካከል ገብቶ ሲደርቅ ክሩ ይገትራል። እንግዲህ እናቴ ሳሙና በጨመረች ቁጥር የምትጨምረው ዝቃጩን ነበር ማለት ነው።

በሱቅ የሚሸጠውን ማለስለሻ ያልገዛነው በዋጋው ብቻ አይደለም። ማለስለሻው በክሩ ላይ ስስ ልባስ ስለሚተው ልብሱ ለእጅ ይለሰልሳል፤ ፎጣ ግን ሲደጋገምበት ውሃ መምጠጡን እየቀነሰ ይሄዳል። ውሃ የማይመጥ ፎጣ ደግሞ ምን ይረባል?

ስለዚህ በቤት ያለውን መሞከር ጀመርሁ። መጀመሪያ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ባንድነት ቀላቀልሁ። አረፋው ከሳፋው ተርፎ ሲፈስ ትንሿ እኅቴ አጨበጨበች፤ ፎጣው ግን እንደ ነበረ ቀረ። ምክንያቱም አሲዱና ቤዙ እርስ በርሳቸው ተጠፋፍተው የቀረው ጨውና ውሃ ስለ ሆነ ነው። ይህን አስቀድሜ በክፍል ተምሬው ነበር፤ ፈተናም አልፌበታለሁ!

በሁለተኛው ጊዜ ኮምጣጤውን ለብቻው አደረግሁት። አሠራሩም እንዲህ ነው። ልብሱ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ 15 ሊትር ያህል ውሃ በሳፋ ተቀድቶ፣ ከመቶ 5 እጅ አሲድ ያለው ነጭ ኮምጣጤ ግማሽ ብርጭቆ፣ ይኸውም 100 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ይጨመርበታል። ልብሱ 10 ደቂቃ ተነክሮ ይጨመቃል፤ ከመሰጣቱም በፊት በኀይል ይራገፋል። ኮምጣጤው በክሩ ውስጥ የቀረውን የሳሙና ቅሪትና ኖራ ያላቅቃል፤ ሽታውም ልብሱ ሲደርቅ ይጠፋል። (እናቴ «ሰላጣ ልታደርገው ነው ወይ?» ብላኝ ነበር።) ቀይ ኮምጣጤ ነጭ ልብስ እንዳያቀልም መተው ይሻላል፤ ጥበብ ያለውም ልብስ አስቀድሞ በጫፉ ቢሞከር መልካም ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ከጣራ የተጠራቀመው ውሃ ኖራ ስለሌለበት ከሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን የድሬዳዋን ሰማይ ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ኮምጣጤና በረኪና በአንድ ሳፋ ከቶ አይገናኙ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። በበረኪና የነጣ ልብስ በብዙ ውሃ ደጋግሞ ሳይለቀለቅ ወደ ኮምጣጤው አይግባ።

ደንበኛዋ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። የጎረቤታቸው ልብስ ግን ከሁለት ወር ወዲህ ወደ እኛ ይመጣል፤ እናቴም ለአንድ አጠባ የምታወጣው ሳሙና ቀንሶላታል።

በጠረጴዛው ላይ ሁለት ፎጣዎች አስቀምጫለሁ። ቁጥር 1 በውሃ ብቻ የተለቀለቀው ነው፤ ቁጥር 2 በኮምጣጤ። ስትወጡ በእጃችሁ ዳስሳችሁ ፍረዱ። ቁጥር 2ን ግን እባካችሁ አታቆሽሹብኝ፤ ነገ ጠዋት ለባለቤቱ የሚመለስ ነው።